ለኮይ ገንዳ፦ ባለ ሣጥኑ ማጣሪያ ወይስ በርሜል?

አዳማ ውስጥ በግቢያቸው ኮይ የሚባለውን የጌጥ አሳ የሚያረቡ ወዳጆቼ ሁሌ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ ተገጣጥሞ የሚሸጠውን ማጣሪያ ልግዛ ወይስ በርሜል ላሠራ? ሁለቱንም ሞክሬያለሁ። በርሜል አሠሩ።

ባለ ሣጥኑን በ14,500 ብር ገዛሁ። ውስጡ ስፖንጅና የዩቪ (አልትራቫዮሌት ጨረር) አምፖል አለው። ውሃው በሁለት ሳምንት ጠራ። ግን ዩቪ የሚያጠፋው ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገውን አልጌ ነው፤ ከአሳው የሚወጣውን መርዛማ አሞኒያ አይነካም። ቀጥሎ የአምፖሉ መሸፈኛ ብርጭቆ ተሰነጠቀ። አዳማን ዞርኩ፣ የለም። ከመርካቶ በ2,300 ብር አስመጣሁ፣ ልኩ አልሆነም።

የባሰው መብራት ሲጠፋ ነው። ሣጥኑ ድፍን ስለሆነ ውስጡ የቀረው ውሃ አየር ያጣል፤ አሞኒያውን የሚበሉት ባክቴሪያዎች ይሞታሉ። መብራት ሲመጣ ያ የገማ ውሃ ቀጥታ ገንዳው ውስጥ ይገባል። ሁለት አሳ የሞቱብኝ እንዲህ ነው። እስካሁን ይቆጨኛል።

በርሜሉን ሳሠራ ያወጣሁት ይኸውላችሁ፦ ያገለገለ ባለ 200 ሊትር 1,600 ብር (ኬሚካል የነበረበትን እንዳትነኩ)፣ ቱቦና ፊቲንግ 1,400፣ ሬድ አሽ (ቀዩ የእሳተ ገሞራ ጠጠር) 300፣ ፓምፕ 4,200። ድምሩ 7,500 ብር። ሬድ አሹ ቀዳዳው ብዙ ስለሆነ ለባክቴሪያ ጥሩ ቤት ነው። የእንቁላል መጠን ያለውን ምረጡ፣ አቧራው እስኪለቅ እጠቡት፣ በሽንኩርት መረብ ከረጢት ሙሉት። ውሃው ከታች ገብቶ ከላይ ወደ ገንዳው ይወርዳል፤ ሲወርድ አየር ይይዛል። በአዳማ ሙቀት ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ የሞቀ ውሃ ብዙ ኦክስጅን አይይዝም። መብራት ጠፍቶ ቶሎ ካልመጣ ከበርሜሉ ሥር ያለውን ማፍሰሻ ጌት ቫልቭ ከፍታችሁ ውሃውን ወደ ውጭ አፍስሱት። ሬድ አሹ እርጥብ ሆኖ አየር ስለሚያገኝ ባክቴሪያው ይተርፋል።

ፓምፑ ላይ ተጠንቀቁ፣ ፎርጅዱ ብዙ ነው። በሰዓት 3,000 ሊትር የሚል ተጽፎበት ከሆነ ባለ 20 ሊትር ባልዲ በ24 ሰከንድ መሙላት አለበት። ሱቁ ውስጥ ባልዲውን ከፓምፑ ብዙ ሳታርቁ ለኩት። የኔ የመጀመሪያው አንድ ደቂቃ ፈጀ፤ 1,200 ሊትር ማለት ነው። ዋቱንም እዩ። 60 ዋት ቀን ከሌት ሲሠራ በወር 43 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል።

ባክቴሪያው እስኪለምድ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት አሳውን በትንሽ በትንሹ መግቡ። ከዚያ በኋላ ሬድ አሹን በገንዳው ውሃ ብቻ አለቅልቁት። የቧንቧው ክሎሪን የለፋችሁበትን ባክቴሪያ በአንድ ጊዜ ይገድለዋል።