«ውጭ ጠብቀን» ላለችኝ ሲስተር

ይህን የምጽፈው እህቴ አንብባ ከፈቀደችልኝ በኋላ ነው። የእሷን ስምም ሆነ የታከመችበትን ሆስፒታል አልጠራም፤ መታወቅ አትፈልግም። የማመሰግናት ሲስተርም «ሥራዬን ነው የሠራሁት» ብላ ስሟን እንዳላነሳ አስጠንቅቃኛለች። ዝም ማለቱ ግን አልሆነልኝም። ዛሬ እህቴና ልጆቿ በራቸውን ዘግተው በሰላም የሚያድሩት በዚህች ሴትና አብረዋት በሚሠሩት ሰዎች ምክንያት ነው።

እህቴ ስምንት ዓመት ተደብድባለች። እኔ ያወቅኩት በሦስተኛው ዓመት ነው፤ አምስቱን ዓመት እያወቅኩ ኖሬያለሁ ማለት ነው። ሽማግሌ ሦስት ጊዜ ተቀምጧል፤ በሁለቱ ላይ እኔም ነበርኩ። የተቀመጡት ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ የሚያውቁት መንገድ ያ ብቻ ነበር። ባል ይቅርታ ይጠይቃል፣ ጉልበት ይስማል፤ እሷ «ገመናሽን ሸፍኚ፣ ለልጆችሽ ስትይ» ትባላለች፤ ተመራርቀን እንለያያለን። ከሦስተኛው እርቅ በኋላ ሳምንት ሳይሞላ ክንዷ ተሰበረ።

ያን ቀን የዞርንበትን ሳስበው እስካሁን ያንገበግበኛል። አንድ ቦታ «የባልና ሚስት ጉዳይ ነው፤ ነገ ትታረቁና እኛን ታደክሙናላችሁ» ተባልን። ሌላ ቦታ ተራ የሚጠብቅ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ቆማ እንድትናገር አደረጓት። ክንዷን በጄሶ ያሰረላት ባለሙያ ምን እንደሆነች ሲጠይቃት «ከደረጃ ወድቄ ነው» አለች። የእህቴ ቤት ደረጃ የለውም። ይህን ከእሷ ሌላ በዚያ ክፍል ውስጥ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ አጠገቧ ቆሜ ዝም አልኩ። ባለሙያውም ደግሞ አልጠየቃትም። በአንድ ቀን ለአምስት ሰው ተናግራለች። ታሪኩ በየመስኮቱ እያጠረ ሄዶ፣ መጨረሻ ላይ «ተጣልተን ነው» የምትል ቃል ብቻ ቀረች።

መንገዱን ያሳየችን የሰፈራችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት፤ እግዚአብሔር ይስጣት። በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል ግቢ ውስጥ ጥቃት ለደረሰባቸው ሴቶችና ሕፃናት የተቋቋመ ማዕከል እንዳለ ነገረችን። እዚያ ሐኪሙ፣ የሥነ ልቦና አማካሪዋ፣ መርማሪ ፖሊሷና ዐቃቤ ሕጓ በአንድ ጣሪያ ሥር ናቸው። እንዲህ ያሉ ማዕከላት በአዲስ አበባም በክልል ከተሞችም አሉ፤ የጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ማዕከል ከቀደምቶቹ አንዱ ነው።

ገብተን እንደተቀመጥን ሲስተሯ ወደ እኔ ዞረች።

«ወንድሟ ነህ?»

«አዎ።»

«እሺ ወንድሜ፣ አንተ ውጭ ጠብቀን።»

ከፋኝ። ይዣት የመጣሁት እኔ ነኝ፣ ሁሉንም የማውቀው እኔ ነኝ ብዬ ልከራከር ስነሳ ምንም አልመለሰችልኝም፤ በሩን ከፍታ ይዛ፣ እስክወጣ ድረስ በትዕግሥት ቆመች። ኮሪደሩ ላይ ባለ አግዳሚ ወንበር ከአንድ ሰዓት በላይ ተቀመጥኩ። እህቴ ስትወጣ መጀመሪያ ውሃ ጠየቀችኝ። ጠጥታ ስትጨርስ «ስለ ደረጃው ነገርኳት» አለችኝ።

እስከዚያች ቀን ድረስ እህቴ ስለ ቤቷ የተናገረችው ሁልጊዜ ባሏ፣ ወይም ሽማግሌ፣ ወይም እኔ ባለንበት ነበር። ይህን ለማየት ለሲስተሯ አንድ ደቂቃ በቃት። እኔ አምስት ዓመት አልበቃኝም።

ሌላም ነገር አደረገችላት። «ለእኔ አንድ ጊዜ ብቻ ንገሪኝ፤ እንደ አዲስ ለእያንዳንዱ ሰው አትደግሚውም» ብላት ነበር፤ ቃሏንም ጠበቀች። መርማሪዋ የተጻፈውን አንብባ የጎደለውን ብቻ ጠየቀቻት። የሕክምና ማስረጃው እንዴት እንደተዘጋጀ፣ የትኛው ወረቀት ወደየት እንደሄደ እኔ አልገባኝም፤ ማወቅም አላስፈለገኝም፣ ከቢሮ ቢሮ የሚያንከራትተን ሰው አልነበረምና። የገባኝ ዐቃቤ ሕጓ የነገረችን ነው፤ የትዳር ጓደኛን መደብደብ ወንጀል መሆኑ በ1997 ሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 564 ላይ ተጽፏል። እኛ «የቤት ጉዳይ» ስንል ሕጉ ስንት ዓመት አስቆጥሮ ነበር! ፍቺንም ቢሆን የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ከዘመድ ሽማግሌዎች እጅ አውጥቶ ለፍርድ ቤት ሰጥቶታል፤ እኛ ግን እስከ ትናንት ሳሎን ተቀምጠን እንፈርድ ነበር።

ጠበቃ የምንቀጥርበት አቅም አልነበረንም። ለካ ከ1987 ጀምሮ ለሴቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጥ የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አለ፤ እባካችሁ ይህን ስም ያዙት። እህቴ ከፈታች ልጆቿን ይዛ ጎዳና የምትወጣ ይመስላት ነበር። ፍርድ ቤቱ ከቤት ማን ይውጣ የሚለውን ሲወስን የልጆችን ጥቅም እንደሚያይ አታውቅም ነበር። የወጣው እሱ ነው።

አንድ ቀን አማካሪዋን «እንዴት ይህን ሁሉ ዓመት ቻለችው?» ብዬ ጠየቅኳት። እህቴን አልወቀሰችም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 የተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ላይ ከ100 የኢትዮጵያ ሴቶች 63ቱ ባል ሚስቱን ቢመታ ቢያንስ በአንድ ምክንያት ትክክል ነው ብለው እንደመለሱ ነገረችኝ፤ ምግብ በማሳረር፣ ሳይናገሩ ከቤት በመውጣት፣ በመሳሰለው። ለእህቴ ስነግራት «እኔንም ቢጠይቁኝ እንደዚያው ነበር የምለው» አለች። ማን እንዲህ ብላ እንድትመልስ እንዳስተማራት ሳስብ፣ የእኛው ሽምግልና ነው ትዝ የሚለኝ።

የእድራችንን እናቶች ሳላመሰግን ባልፍ ነውር ነው። ሲስተሯ «ብቻዋን ፍርድ ቤት አትሂድ» ስላለችን ለእድሩ ተናገርን፤ እነሱም ተራ ገቡ። በቀጠሮ ቀን ሁለቱ ልጆቹን ይጠብቃሉ፣ ሦስቱ ነጠላቸውን ለብሰው ከኋላዋ ይቀመጣሉ። አንድም ቀጠሮ አላጎደሉም። ሦስቱንም ጊዜ ያስታረቁት የእድሩ ሊቀ መንበር በጠቅላላ ጉባኤ ፊት ቆመው፣ ዱላ ባለበት ጉዳይ ከእንግዲህ ሽማግሌ እንዳይቀመጥ፣ ሴቲቱ በቅድሚያ ወደ ማዕከሉ እንድትወሰድ ሐሳብ አቀረቡ። ጸደቀ። እስካሁን ሁለት ሴቶች ሄደዋል፤ የሸኟቸው እሳቸው ናቸው።

ሲስተር፣ ይህን እንደምታነቢው አውቃለሁ። እጅሽ ይባረክ። ልጆችሽ ይባረኩልሽ። ከስድስት ወር በኋላ ስልክ ደውለሽ «እንቅልፍሽስ ተመለሰ?» ብለሽ እንደጠየቅሻት እህቴ ዛሬም ታወራዋለች።

እህት፣ ልጅ፣ ጎረቤት ያላችሁ ሁሉ፣ «ወደቅኩ» ስትላችሁ ደግማችሁ ጠይቁ። በአቅራቢያችሁ ያለውን ማዕከል ከጤና ጣቢያ ወይም ከወረዳው የሴቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ጠይቃችሁ ውሰዷት። ደርሳችሁ «ውጭ ጠብቁ» ከተባላችሁም አትከራከሩ፤ ወንበሩ ኮሪደሩ ላይ አለ።