ቀይ መስቀል ወይስ የሰፈሩ መድኃኒት ቤት? ለደሴ ሰው

ማዘዣ ሲጻፍልን “መጀመሪያ ቀይ መስቀል ጠይቅ” እየተባልን ነው ያደግነው። ማኅበሩ ከ1927 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው፤ እኔ ግን የሚናፍቀኝ የመድኃኒት ቤቱ ሽታ ነው።

ዋጋ፦ ቀይ መስቀል ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። የሰፈሩ ይወደዳል፣ ለደንበኛ ግን ዱቤ አያጣም።

ድካም፦ እዚያ ወረፋ፣ እዚህ ማታም ደጁ ክፍት።

ስጋት፦ የሰፈሩ “አብሽር!” ብሎ አንቲባዮቲክ ያለ ማዘዣ የሚሰጥበት ጊዜ አለ፤ ይሄ ደግነት አይመስለኝም። ኢንሱሊን ከሆነ ሁለቱም ጋ ፍሪጁን ጠይቁ፤ ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት፣ በረዶ ከሠራም ይበላሻል።

የስኳርና የግፊት መድኃኒት በየወሩ ለሚገዛ፣ ቀይ መስቀል። ልጁን ማታ ትኩሳት ለያዘበት የሸዋ በር ሰው፣ የሰፈሩ መድኃኒት ቤት።