ባድሪናትና የቫሱዳራ ፏፏቴ፦ ሄጄ ያየሁት

ሰሜን ህንድ፣ ኡታራካንድ ውስጥ ያለው የሂንዱ አምላክ የቪሽኑ ቤተ መቅደስ ባድሪናት ከፍታው 3,100 ሜትር ገደማ ስለሆነ ደረጃውን ስወጣ ትንፋሽ አጠረኝ። ምእመናኑ ከመግባታቸው በፊት ታፕት ኩንድ በተባለው ፍል ውሃ ይታጠባሉ። እግሬን ብነክረው አቃጠለኝ፤ አጠገቡ የሚወርደው የአላክናንዳ ወንዝ ግን በረዶ ነው። ጫማ ስለሚወለቅ ወፍራም ካልሲ ያዙ።

እኔን የማረከኝ ቫሱዳራ ነው። መኪና እስከ ማና መንደር ያደርሳል፤ ከዚያ 5 ኪሎ ሜትር ያህል በእግር ነው። ቢም ፑል የሚሉትን፣ በሳራስዋቲ ወንዝ ላይ የተጋደመውን ትልቅ ቋጥኝ ካለፋችሁ በኋላ ሻይ ቤት አትጠብቁ፤ ስንቃችሁን ያዙ። ውሃው ከገደሉ ሲወርድ ነፋስ በትኖት መሬት ሳይደርስ ጉም ይሆናል። ጠብታው ኃጢአተኛ ላይ አያርፍም ይላሉ። አንዲት እናት ሻሻቸውን ገልጠው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆመው ነበር። ነፋሱ ዞሮ ፊታቸውን ሲያርሰው አለቀሱ፤ እኔም አብሬ አለቀስኩ።

አስጎብኚዬ "ይመሻል" እያለ ማቻኮሉ ቅር አሰኝቶኛል። ጠዋት በማለዳ ውጡ። ከኅዳር እስከ ሚያዝያ አካባቢ ቤተ መቅደሱ በበረዶ ምክንያት ዝግ ነው።