አራት ወር ሲያንቀጠቅጠኝ ለኖረው ኮሮላዬ መፍትሔ ላገኙለት የአዳማ መካኒክ

ይህን የምጽፈው አንድ ሰው ለማመስገን ነው። ስማቸውንና ስልካቸውን በአደባባይ እንዳላወጣ አደራ ብለውኛል። «ያለው ሥራ አልበቃ ብሎኝ ደግሞ ሰልፍ ልታመጪብኝ ነው?» ነበር ያሉት። ስለዚህ እዚህ ላይ «ጋሼ» እያልኩ እጠራቸዋለሁ፤ ጋራዣቸው የት እንደሆነ የምትፈልጉ በግል ጠይቁኝ።

መኪናዬ የ2004 ስሪት ቶዮታ ኮሮላ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሳሪስ ተነሥቼ እናቴን ለመጠየቅ አዳማ እወርዳለሁ። ከተማ ውስጥ መኪናዋ ሐር ነበረች። ቱሉ ዲምቱ ላይ የክፍያውን በር አልፌ በፈጣኑ መንገድ ፍጥነቴ 95 ሲደርስ ግን መሪው ወንፊት የያዝኩ ይመስል እጄ ላይ መርገብገብ ይጀምራል። ደግሞ ዝም ብሎ አይቆይም። ይመጣል፣ ይበረታል፣ ከዚያ ማንም እንዳልነካው ሁሉ ይጠፋል። አጠገቤ ለተቀመጠው ሰው «ይኸው መጣ» ብዬ እስክጨርስ የለም። ወንድሜ አንድ ጊዜ አብሮኝ ተጉዞ «እረፍት ያስፈልግሻል» ብሎኛል።

በሙያዬ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ደረሰኝ አልጥልም። ከአራት ወር በኋላ የመኪናዋን ማኅደር ስከፍተው ሦስት ጊዜ የጎማ ባላንስ (የጎማውን ክብደት ዙሪያውን እኩል ማድረግ ነው)፣ ሁለት ጊዜ አላይመንት፣ ሁለት አዲስ የፊት አሞርዛተር፣ አንድ ኩሽኔታ አገኘሁ። ከዚህ ሁሉ የተጠቀመችው መኪናዋ ሳትሆን ማኅደሩ ነው። አንዱ ጋራዥ «እህቴ፣ ይህ የመንገዱ ነው» ብሎ ሸኘኝ። መንገዱ ከሆነ አጠገቤ የሚያልፉት ሁሉ ለምን አይንቀጠቀጡም ብዬ ብጠይቅ መልስ አልነበረውም። ሌላው ሞተሩ የተቀመጠባቸው የላስቲክ ድጋፎች ይቀየሩ አለ። እውነቱን ለመናገር ከሁሉም ብልህ ሆኖ ያገኘሁት ጎማው በሚገጠምበት ብረት፣ በቸርኬው፣ ውስጥ የደረቀ ጭቃ ካለ ብሎ ያጠበልኝን የመኪና እጥበት ልጅ ነው። በክረምት ጭቃው ቸርኬው ውስጥ በአንድ ወገን ተለጥፎ ሲደርቅ በእርግጥ መኪና ያንቀጠቅጣል። የእኔ ግን እሱ አልነበረም።

ወደ ጋሼ የላኩኝ የእናቴ ጎረቤት፣ የሚኒባስ ሹፌር፣ ናቸው። «እርሳቸው መፍቻ ከማንሣታቸው በፊት ነገር ይጠይቃሉ፤ አትሰልቺ» ብለው አስጠነቀቁኝ።

እንዳሉትም ሆነ። ጋሼ ኮፈኑን እንኳን አላስከፈቱኝም። በርጩማ አቀረቡልኝና ልክ እንደ ሐኪም ጥያቄ ጀመሩ። የሚንቀጠቀጠው መሪው ነው ወይስ መቀመጫው? መሪው፤ እንግዲያው ወደ ፊት ጎማዎች ያደላል፤ መቀመጫውና ወለሉ ቢሆን ኖሮ የኋላውን እንጠረጥር ነበር አሉ። ፍሬን ስትይዢ ይብሳል? አይብስም፤ ስለዚህ የተጣመመ የፍሬን ዲስክን ለጊዜው ተዪው። ነዳጅ ስትሰጪ ብቻ ነው የሚመጣው? አይደለም፤ ከካምቢዮው፣ ከማርሽ ሳጥኑ፣ ወደ ጎማ ጉልበት የሚያደርሰው ዘንግ ያረጀ ቢሆን በጉልበት ጊዜ ይብስ ነበር። ንዝረቱ ቀጭን ነው ወይስ ወፍራም? እዚህ ላይ ግራ ተጋባሁ። «እንደ ንብ ድምፅ የሚያሳክክ ነው ወይስ መቁጠር ሊቃጣሽ የሚችል?» አሉኝ። መቁጠር የሚቃጣኝ ዓይነት ነበር። በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የእኔ ዓይነቱ ጎማ በሴኮንድ 14 ጊዜ ያህል ይዞራል፤ ሞተሩ ግን በዚያው ፍጥነት የዚያን ሦስት እጥፍ ያህል ይሽከረከራል። ከሞተር የሚመጣ ንዝረት ቀጭን ሆኖ ይሰማል ማለት ነው።

የመጨረሻው ጥያቄያቸው ሌላ ማንም ያልጠየቀኝ ነበር። «ይህ ነገር ከመጀመሩ በፊት መኪናዋ ላይ ምን ተሠራ?» ሁለት አዲስ የፊት ጎማ አስገጥሜ ነበር። ለማንም ያልተናገርኩት አዲስ ጎማ ሊበድል ይችላል ብዬ ስላልገመትኩ ነው። ጋሼ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ቁልፉን ተቀበሉኝና መልሰው ሰጡኝ። «አንቺ ንጂ፤ እኔ ልስማ።»

ወደ ሞጆ አቅጣጫ ወጣን። መንገዱ ቀጥ ባለበት፣ ከኋላችን ማንም በሌለበት፣ ማርሹን ከጥርስ እንዳወጣው አዘዙኝ። ሞተሩ ጸጥ አለ፤ ንዝረቱ ግን እንደነበረ ቀጠለ። ሞተሩና ካምቢዮው በዚያው ከተጠርጣሪነት ወጡ፤ እኔም ሳልቀይራቸው የቀሩትን የሞተር ድጋፎች እያሰብኩ ተመስገን አልኩ። ከዚያ ፍጥነቴን ሳልቀይር እንድቆይ ነግረውኝ ሰዓታቸውን አወጡ። ንዝረቱ ሲበረታ «አሁን» እል ነበር። ሃያ ሁለት ሴኮንድ። ደግሞ ሃያ አራት። ደግሞ ሃያ ሦስት። ያለ ሥርዓት ይመጣል ይሄዳል ስል የኖርኩት ነገር ለካ ተራውን ጠብቆ ነው የሚመጣው። በሰፊው የመንገድ መታጠፊያ ላይ ግን ተራው ተዛባ። ጋሼ እዚያ ላይ ፈገግ አሉ።

«ሁለት ቤት ጎን ለጎን ሲወቅጡ ሰምተሽ ታውቂያለሽ?» አሉኝ። «አንዳንዴ ሁለቱ ዘነዘናዎች እኩል ያርፋሉ፤ ምድር ይመታል። አንዳንዴ ይለያያሉ፤ ቀለል ይላል። አንድ ጎማ ብቻ ቢታመም ንዝረቱ አይቋረጥም ነበር። የአንቺ ሁለቱም የፊት ጎማዎች ታመዋል።» ሁለቱ ጎማዎች ፍጹም እኩል አይደሉም። በመካከላቸው የአንድ ሚሊሜትር የራዲየስ ልዩነት ቢኖር አንዱ ሌላውን በአንድ ዙር የሚቀድመው 630 ሜትር ገደማ ከተጓዙ በኋላ ነው፤ ይህ ደግሞ በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ወደ ሃያ ሦስት ሴኮንድ ይጠጋል። መታጠፊያ ላይ የውጪኛው ጎማ ረዘም ያለ መንገድ ስለሚሄድ ቆጠራው ይዛባል። ማታ ቤቴ ገብቼ በካልኩሌተር አረጋግጬዋለሁ፤ የሙያ ነገር ሆኖብኝ።

ስንመለስ ግራውን የፊት ጎማ አውልቀው በስኮርታው፣ በመጠባበቂያው ጎማ፣ ሊተኩት ፈለጉ። ስኮርታዬ ንፋስ አልነበረውም። ስለዚህ ጉዳይ የሰማሁትን ተግሣጽ እዚህ አልጽፈውም። ንፋስ ሞልተው ገጠሙትና እንደገና ወጣን፤ ንዝረቱ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ከሁሉ የገረመኝ ግን መምጣት መሄዱ መቅረቱ ነው። ትንሽ ሆኖ ሳያቋርጥ ቀጠለ። የቀኙ ጎማ ብቻውን እየወቀጠ ነበር ማለት ነው።

ታዲያ ሦስት ጊዜ ባላንስ የተደረገ ጎማ፣ ማሽኑም ዜሮ ያሳየለት ጎማ፣ ምን ነካው? ጋሼ ጎማውን ገልብጠው የቸርኬውን የመሐል ቀዳዳ በካሊፐር ለኩ፤ 67.1 ሚሊሜትር። ቸርኬው የሚቀመጥበትን የመኪናዋን የብረት እምብርት ለኩ፤ 54.1። ቸርኬዎቼ ከፋብሪካው የመጡ አይደሉም፤ ከእኔ በፊት የነበረው ባለቤት ለውበት ያስገባቸው ናቸው። እንዲህ ያሉ ቸርኬዎች ለብዙ ዓይነት መኪና እንዲሆኑ ቀዳዳቸው ሰፍቶ ይሠራና ክፍተቱ በቀለበት ይሞላል። የኋላዎቹ ላይ ጥቁር የፕላስቲክ ቀለበት አለ። የፊቶቹ ላይ የለም። አዲሶቹን ጎማዎች የገጠመው ጎሚስታ ቁራጭ ፕላስቲክ መስሎት ጥሎታል ብዬ እገምታለሁ፤ አልፈርድበትም፤ እኔም ባየው እጥለው ነበር።

ማሽኑ አልዋሸም። ባላንስ ማሽን ላይ ቸርኬው በመሐል ቀዳዳው ነው የሚያዘው፤ ስለዚህ መሐሉን አይስትም። መኪናዋ ላይ ግን ቀለበት ስለሌለው የሚይዙት አራቱ ዳዶዎች ብቻ ናቸው፤ የጎማው ክብደት ተጭኖበት በአንድ ወገን ከጠበቀ ከመሐል ይወጣል። ጋሼ መኪናዋን በክሪክ አንሥተው ጠመኔ ከጎማው ጋር ሊነካካ እስኪል አስጠግተው አዞሩት፤ ጠመኔው አንዱን ወገን ብቻ ነካ። ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ መሆኑ ነው። ይህ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ከነቸርኬው 16 ኪሎ የሚመዝን ጎማ በግማሽ ሚሊሜትር ከመሐሉ ሲወጣ፣ የቸርኬው ጠርዝ ላይ የ40 ግራም ትርፍ የእርሳስ ክብደት እንደመለጠፍ ነው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የሚያናውጠው ጉልበት አራት እጥፍ ስለሚሆን ደግሞ ሳሪስ ላይ ሐር የነበረችው መኪና ዱከም ላይ ወንፊት ትሆናለች።

ሌላ ሰው ቢሆን አራት አዲስ ቸርኬ ግዢ ይለኝ ነበር፤ ጥርጥር የለኝም። ጋሼ ልኩን በቁራጭ ወረቀት ጽፈው ልጁን ብረት ወደሚቀርጸው ጎረቤት ቶርኖ ቤት ላኩት፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ አራት የአሉሚኒየም ቀለበቶች እንደ ሙሽራ ዕቃ አብረቅርቀው መጡ። ደኅና የሆኑትን የኋላዎቹንም ለወጡልኝ፤ ፕላስቲኩ በፍሬን ሙቀት ይሰነጠቃል ብለው። እምብርቱን በሽቦ ብሩሽ ዝገቱን አጸዱ፤ ጎማው ገና ከመሬት ሳይነካ ዳዶዎቹን በመስቀል ቅርጽ እያፈራረቁ አጠበቁ፤ መጨረሻውንም በመለኪያ ቁልፍ በ103 ኒውተን ሜትር ዘጉት። መቶ ኪሎ ሜትር ከነዳሽ በኋላ ተመልሰሽ አስፈትሺው አሉኝ። ተመልሼ አስፈተሽኩ፤ ለፍተሻው አላስከፈሉኝም።

የቀለበቱና የእጃቸው ዋጋ ተደምሮ በከንቱ ከቀየርኩት አንድ አሞርዛተር ሩብ አይሞላም። ሦስት ወር ሆኖኛል፤ መሪው ጸጥ ብሏል። ወንድሜ ይቅርታ አልጠየቀኝም።

ልትሄዱ ለምታስቡ ጥቂት ነገር ላስጠንቅቃችሁ። ጋሼ ፈጣን አይደሉም፤ ለቸኮለ ሰው አይሆኑም። የኤሌክትሪክ ሥራ አይነኩም፤ ሌላ ሰው ይጠቁሟችኋል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አትሂዱ፤ ሚኒባሶች ተሰልፈው ታገኟቸዋላችሁ። ስትሄዱ «ንዝረት አለ» ብቻ ብላችሁ አትቁሙ፤ በስንት ፍጥነት እንደሚጀምር፣ መሪው ወይም መቀመጫው ላይ መሆኑን፣ ከመጀመሩ በፊት መኪናው ላይ የተሠራውን ሁሉ በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ። ወረቀት የያዘ ደንበኛ ሲያዩ ፊታቸው ይበራል።

ጋሼ፣ ይህን ልጅዎ ካነበበልዎት፣ እግዜር ይስጥልኝ። ስኮርታዬን ንፋስ አስሞልቻለሁ።