ለውሻችን ለመከታ አሰልጣኝ፣ እግዜር ይስጥልን

ሐዋሳ ውስጥ ውሻ የሚያሰለጥን አንድ ወንድማችን አለ። ስሜን አትጻፊው ስላለኝ አልጽፈውም። ምስጋናዬን ግን በአደባባይ ነው የምናገረው።

የ8 ዓመት ልጄ ኦቲዝም አለበት። እጄን ካስለቀቀ ሩጫው ወደ ውሃ ነው። አንድ ቅዳሜ ፍቅር ሐይቅ ሄደን፣ የለስላሳ ሂሳብ ልከፍል ዞር ከማለቴ ጉልበቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ አገኘሁት። ከዚያ ቀን በኋላ ወደ ሐይቁ መውረድ ተውን።

ለዚህ ሰው የደወልኩት ልጄን የሚጠብቅልኝ ውሻ ፈልጌ ነበር። «እህቴ፣ ውሻ ሞግዚት አይሆንም» አለኝ ገና ከመጀመሪያው። ከዚያ ቁጭ ብሎ አስረዳኝ። ልጁ ወገቡ ላይ ቀበቶ ይታጠቃል። ቀበቶው በገመድ ከውሻው መታጠቂያ ጋር ይያያዛል። የውሻውን ማሰሪያ የምይዘው ግን እኔ ነኝ። ልጁ ሊሮጥ ሲል ውሻው ቁጭ ብሎ ይከብድበታል።

የመጀመሪያውን ውሻ 6 ወር ሙሉ ለፋበት። ባጃጅ ክላክስ ባደረገ ቁጥር ግን ይበረግጋል። «ይሄ ለልጅሽ አይሆንም» አለና ለልፋቱ አንድ ብር እንኳ አልተቀበለኝም። ዝም ብሎ ቢያስረክበኝ እኔ በምን አውቅ ነበር?

ሁለተኛው የኛ መከታ ነው። ላብራዶር ነው፣ አሁን 30 ኪሎ ይመዝናል። ገና ቡችላ ሳለ አቅፎት ገበያ እየወሰደ ከጫጫታ ጋር አላመደው። በ3 ወሩ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አስከትቦ ካርዱን ሰጠኝ፤ በየዓመቱ እንዳልዘልም አስጠነቀቀኝ። ከፍ ሲል ደግሞ ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ወሰደው። ይህንን በዓይኔ አይቻለሁ። ዓሣ ሲጸዳ አንጀቱ መሬት ላይ ይጣላል፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትላልቅ ወፎች ይጋፋሉ፣ ጦጣዎች ከዛፍ ይወርዳሉ። መከታ ምራቁ እየተንጠባጠበ ዓይኑን ከአሰልጣኙ ላይ አልነቀለም። የሰውየው እጅ ላይ ዱላ የለም። ኪሱ ውስጥ የተቀቀለ ሥጋ ቁርጥራጭ ብቻ ነው ያለው።

ስልጠናው 2 ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረውም ነበር። ከዚያ ደግሞ 3 ሳምንት እኛን አሰለጠነ። አማቴ «ውሻ እንዴት ቤት ይገባል!» ብለው አኩርፈው ነበር። አጠገባቸው ተቀምጦ «እማማ፣ ጀርመኖች እኮ በፈረንጆቹ 1916 በጦርነት ዓይናቸውን ላጡ ወታደሮች ውሻ የሚያሰለጥን ትምህርት ቤት ከፍተዋል» እያለ በእርጋታ አጫወታቸው። አሁን የመከታን ውሃ የሚቀይሩት እሳቸው ናቸው። ማታ ልጄ ተረብሾ ሲጮህ፣ መከታ ሄዶ ጭኑ ላይ ይተኛበታል። ክብደቱ ያረጋጋዋል። ትንፋሹ ቀስ እያለ ሲወርድ በር ላይ ቆሜ እሰማለሁ።

ባለፈው እሁድ ፍቅር ሐይቅ ተመለስን። ልጄ ውሃውን እንዳየ ተፈተለከ። ገመዱ ተወጠረ፣ መከታ ቁጭ አለ። ልጄ ዞሮ አንገቱን አቀፈው። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ።

እንደኔ ልጅ ያላችሁ የሐዋሳና የአካባቢዋ ወላጆች፣ ስልኩን በውስጥ መስመር ጠይቁኝ። ክፍያውን በየወሩ ከፋፍሎ ይቀበላል። ልጁን ሳያይ ሥራ አይጀምርም፣ ስለዚህ ስትሄዱ ልጃችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ዛሬ ደውላችሁም ለወሩ ውሻ አትጠብቁ።