የደጅ ሶኬት ስትገዙ፦ ርካሹ ባለ ክዳን ወይስ አይፒ 55 ከአር.ሲ.ዲ. ጋር?

በረንዳቸው ላይ ወይም ከማድ ቤቱ ውጭ ሶኬት ለመትከል የሚያስቡ ወዳጆቼ ደጋግመው የሚያነሡት ጥያቄ አንድ ነው፤ ባለ ክዳኑ በ400 ብር እየተሸጠ ለምን 1,500 ብር ይከፈላል? ምርጫዬን ሳልደብቅ ልናገር። እንደ ጅማ ዝናብ በበዛበት ከተማ ደጅ ለሚውል ሶኬት አይፒ 55 (አይፒ የአቧራና የውኃ መከላከያ ደረጃ ነው) ወይም ከዚያ በላይ የሆነውን፣ ስፒናው እንደተሰካ ክዳኑ የሚዘጋለትንና ኤሌክትሪክ ሲያፈስ መስመሩን በሚቆርጥ ባለ 30 ሚሊ አምፒር መሣሪያ (አር.ሲ.ዲ.) በኩል መብራት የሚያገኘውን እመርጣለሁ። የቤት ውስጥ ሶኬት በፌስታል ሸፍኖ ደጅ መስቀል ከንጽጽሩ ውጭ ነው፤ በ200 ብር ቢገኝም በነጻ ቢሰጥም አይገጠምም።

ዋጋውን በደንብ እንየው። ሰሞኑን በመርካቶ በጠየቅሁባቸው ሱቆች ኮፒው ባለ ክዳን ከ350 እስከ 450 ብር፣ ኦርጅናሉ አይፒ 55 ከ1,400 እስከ 1,800 ብር፣ አር.ሲ.ዲው ደግሞ እንደ ዓይነቱ ከ2,000 ብር በላይ ተብሏል። የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ ስለማይረጋ፣ ልብ ሊባል የሚገባው ቁጥሩ ሳይሆን በዕቃዎቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ኮፒው ክረምት በወጣ ቁጥር የሚቀየር ከሆነ፣ የባለሙያው የእጅ ዋጋ ሲታከልበት በሁለት ዓመት ውስጥ የኦርጅናሉን ዋጋ ይደርስበታል፤ የተቃጠለ ሽቦ ወይም የተበላሸ የውኃ ፓምፕ ካለበት ደግሞ ያልፈዋል።

ከአይፒ ቀጥሎ ከሚጻፉት ሁለት ቁጥሮች የመጀመሪያው አቧራንና ጠጣር ነገርን፣ ሁለተኛው ውኃን ይመለከታል። 44 ከየአቅጣጫው የሚረጭ ውኃን ሲችል፣ 55 በግፊት የሚመጣ የውኃ ጅረትንም ይችላል። 44 በራሱ መጥፎ ዕቃ አይደለም፤ ጥልቅ በረንዳ ያለው ሰው ግድግዳው ላይ ዝናብ የማይደርስ ከሆነ ሊጠቀምበት ይችላል። ችግሩ አብዛኛው 44 ሶኬት ውኃ የሚከላከለው ክዳኑ ሲዘጋ ብቻ መሆኑ ነው። ፓምፕ ወይም ልብስ ማጠቢያ ማሽን ተሰክቶ ሲሠራ ክዳኑ ተከፍቶ ይቆማል፤ ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ የሚመጣውም ያን ጊዜ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ስፒና ሰክታችሁ ክዳኑን ዝጉት፤ ካልተዘጋ ሳጥኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር የሚጠቅማችሁ ሶኬቱ ሥራ ሲፈታ ብቻ ነው።

በኮፒ ዕቃ ላይ 66 ብሎ ማተም ምንም ወጪ የለውም። ቆጪ ሰፈር ያለ አንድ ጎረቤቴ ያስገጠመውን እንዲህ ያለ ሶኬት ከክረምት በኋላ ስንፈታው የክዳኑ ማጠፊያ ዝጎ ተሰብሯል፣ ላስቲኩ ደርቆ ጥግ ጥጉን ተነሥቷል፣ ስፒናውን የሚነክሱት ምላሶች ደግሞ ነሐስ መሰል ቀለማቸው ተልጦ ቀይ ዝገት አውጥተዋል። ምላሶቹ ነሐስ የተቀባ ብረት ነበሩ። ይህን ለማወቅ ትንሽ ማግኔት ይዞ መሄድ ይበቃል፤ ነሐስ በማግኔት አይሳብም። የላስቲኩን ዙሪያ በጣት ዳስሱት፤ የተቋረጠበት ቦታ ካለ ውኃ መግቢያው እሱ ነው። ሻጩ ከፍታችሁ እንድታዩ ካልፈቀደ ሌላ ሱቅ ሂዱ።

ከሶኬቱም በላይ ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባው አር.ሲ.ዲው ነው። ብዙ ሰው ተራው ብሬከር ከመብራት አደጋ የሚያድነው ይመስለዋል። ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦውን ነው፤ ባለ 16 አምፒሩ በሰው አካል ውስጥ የሚያልፈውን የኤሌክትሪክ ጅረት ከቶ አያውቀውም። ልብን ሊያቆም የሚችለው ግን ከአምፒር በታች፣ በሚሊ አምፒር የሚቆጠር ነው። አር.ሲ.ዲ. በአንዱ ሽቦ የሄደውና በሌላው የተመለሰው ጅረት እኩል መሆኑን ይከታተላል፤ ልዩነቱ 30 ሚሊ አምፒር ሲደርስ ከሰከንድ አንድ ሦስተኛ ባነሰ ጊዜ ይቆርጣል። ሆኖም ከመጠን ያለፈ ጭነትን ስለማይቆርጥ ብሬከር ያስፈልገዋል፤ ሁለቱን በአንድ የያዘው አር.ሲ.ቢ.ኦ. ይባላል።

እዚህም ርካሽና ውድ አለ። ርካሹ ብዙውን ጊዜ ኤሌክትሮኒክ ነው፤ ለመቁረጥ ራሱ መብራት ይፈልጋል። ነፋስ ወይም የወደቀ ዛፍ ኒውትራል የሚባለውን የመመለሻ ሽቦ በጥሶ ሌላው ሽቦ ሲቀር፣ በጣም በሚያስፈልግበት ሰዓት ይተኛል። ሜካኒካሉ ግን በራሱ በፈሰሰው ጅረት ይሠራል። ልዩነቱን ሱቅ ውስጥ በአንድ ባትሪ ድንጋይ መለየት ይቻላል፦ ከመብራት ያልተገናኘውን ዕቃ እጀታ ወደ ላይ አብርታችሁ፣ የባትሪውን ሁለት ጫፎች በሽቦ ከአንዱ መስመር መግቢያና መውጫ ጋር አነካኩ። ሜካኒካሉ ይወርዳል፤ ካልወረደ ጫፎቹን አቀያይራችሁ ሞክሩ፤ አሁንም ካልወረደ ኤሌክትሮኒክ ነው፤ ተዉት። ከተገጠመ በኋላ ደግሞ የመሞከሪያ ቁልፉን በየወሩ መጫን አይዘንጋ።

በቆዩ ቤቶች ወደ ሶኬት የሚመጡት ሁለት ሽቦዎች ብቻ ናቸው። አንዳንድ ሠራተኛ ሦስተኛውን፣ የመሬቱን ሽቦ፣ እዚያው ሶኬት ውስጥ ከኒውትራሉ ጋር አገናኝቶ ይሄዳል። ይህን ፈጽሞ አትፍቀዱ፤ ኒውትራሉ ሲበጠስ የማሽኑ አካል በሙሉ 220 ቮልት ይይዛል። የሚገባው መሬት የተቀበረ ዘንግና እስከ ሶኬቱ የሚደርስ የራሱ ሽቦ ነው። ሽቦው ባለ 2.5 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ይሁን፤ ጫፉን በቢላ ፋቅ ስታደርጉት ነጭ ከወጣ መዳብ የተቀባ አልሙኒየም ነው፣ በርካሽ የሚሸጠውም ለዚህ ነው። የእንጀራ ምጣድ ግን በዚህ ሶኬት አይሰካ፤ 3,500 ዋት የሚወስድ ምጣድ ብቻውን 16 አምፒር ስለሚጎትት የራሱን መስመርና ወፍራም ሽቦ ይፈልጋል።

አገጣጠሙ ላይ የጭቃ ግድግዳ ያለው ሰው መጀመሪያ ከማገሩ ጋር ጣውላ ይምታ፤ ቪቴ ጭቃ ላይ አይጸናም፣ የላላ ሳጥን ደግሞ ከጀርባው ውኃ ያስገባል። ሽቦው በታች በኩል ይግባ፤ ከላይ የተበሳ ሳጥን ውኃውን በሽቦው አስከትሎ ያስገባል። ሲሊኮን የሚቀባው ላይና ጎን ጎኑን ነው፤ ከታች ክፍት ካልቀረ የገባው እርጥበት መውጫ ያጣል።

ሳጥን መምታት፣ ቱቦ መዘርጋትና ሶኬት ማሰር ጠንቃቃ ሰው ብሬከሩን አውርዶ ሊሠራው ይችላል፤ ቴስተሩን ግን አስቀድሞ መብራት ባለበት ሶኬት ላይ ሞክሮ፣ ከዚያ ሁለቱንም ሽቦዎች ይፈትሽ። አር.ሲ.ዲውን ብሬከር ሳጥን ውስጥ ማስገባትና የመሬቱን ዘንግ መለካት ግን ለባለሙያ ይተው፤ ቆጣሪውንና ከእሱ በፊት ያለውን መስመር ከመብራት ኃይል ሠራተኛ በቀር ማንም አይነካውም። ገንዘቡ በአንድ ጊዜ ካልሞላ መጀመሪያ አር.ሲ.ዲውንና የመሬቱን ሽቦ ግዙ፤ ሶኬቱ እስኪገዛ ድረስ ደጅ ያለውን ሥራ ዝናብ በሌለበት ቀን ከቤት ውስጥ ሶኬት በተሳበ ደህና ኤክስቴንሽን አከናውኑ፤ ሲያበቃም ነቅላችሁ አስገቡት።