ለቀድሞው የካቲት 12 ትምህርት ቤት የሪከርድ ክፍል ሠራተኛ የቀረበ ምስጋና

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ለአንዲት የሪከርድ ክፍል ሠራተኛ ነው። የሚሠሩት ስድስት ኪሎ፣ እኔ ስማርበት የካቲት 12 አጠቃላይ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይባል በነበረው፣ አሁን ደግሞ እቴጌ መነን የልጃገረዶች አዳሪ ትምህርት ቤት በሆነው ግቢ ውስጥ ነው። ስማቸውን እንዳልጠራ ስለለመኑኝ አልጠራም፤ ማመስገንን ግን ሊከለክሉኝ አይችሉም።

የምሠራበት መሥሪያ ቤት የሠራተኛውን ሁሉ የትምህርት ማስረጃ ማጣራት ሲጀምር ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለው ውጤቴ ከተማርኩባቸው ትምህርት ቤቶች እንዲረጋገጥ ተጠየቅሁ። 9ኛንና 10ኛን የተማርኩት ሌላ ቦታ በመሆኑ መጀመሪያ ወደዚያ ሄድኩ፤ ምነው እግሬን በሰበረው ኖሮ። አንድ ቀን የመዝገብ ቤቱን ቁልፍ የያዘው ሰው ስብሰባ ላይ ነው ተባልኩ፤ ሌላ ቀን ሰነዱ በእድሳት ጊዜ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ተዛውሯል ተባልኩ፤ በሦስተኛው ወር ደግሞ አንዱ ሠራተኛ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ «እዚህ ለመማርሽ ምን ማስረጃ አለሽ?» አለኝ። ማስረጃውን ፍለጋ የሄድኩት እኮ እሱ ዘንድ ነው። የዚያን ቀን ታክሲ ውስጥ ሰው እያየኝ አልቅሻለሁ።

ሁለተኛው ጣጣ የስም ነበር። ትምህርት ቤቱን በ1920ዎቹ ለልጃገረዶች ያቋቋሙት እቴጌ መነን ሲሆኑ፣ እናቴም የተማረችው በእሳቸው ስም በሚጠራበት ዘመን ነው። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ግን ፋሺስት ኢጣሊያ በ1929 ዓ.ም. የአዲስ አበባን ሕዝብ የጨፈጨፈበትን ዕለት ለማስታወስ የካቲት 12 ተባለ፤ የሰማዕታቱ ሐውልትም ከዚያው ሳይርቅ ስድስት ኪሎ አደባባይ ላይ ቆሟል። አሁን ደግሞ የድሮው ስም ተመልሷል። ቤታችን ውስጥ እናቴ «መነን»፣ እኔ «የካቲት» እያልን ስለ አንድ ግቢ ስናወራ የሰማ እንግዳ ሁለት ትምህርት ቤት ይመስለዋል። ለመሥሪያ ቤታችን የሰው ሀብት ክፍልም ሁለት መሰለው፤ «የካቲት 12 የሚባል ትምህርት ቤት አሁን የለም» ብሎ ወረቀቴን መለሰልኝ።

በዚህ ሁኔታ ተስፋ ቆርጬ የሪከርድ ክፍሉን በር ያንኳኳሁት ለምሳ ሊወጡ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩ ነበር። ነገ ነይ እንደሚሉኝ አልተጠራጠርኩም። እሳቸው ግን የያዙትን ቦርሳ መልሰው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና «በስንት ዓመተ ምሕረት ጨረስሽ ልጄ? ፈረቃሽ የጠዋት ነበር የከሰዓት? ስም ጠሪሽ ማን ነበሩ?» ሲሉ ጠየቁኝ። በ1988 ማትሪክ መፈተኔን፣ ፈረቃዬንና የስም ጠሪዬን ስም ነገርኳቸው። መዝገቡ በምን ሥርዓት እንደተደረደረ ዛሬም አልገባኝም፤ ያየሁት መሰላል ላይ ወጥተው በሲባጎ የታሰረ፣ ጠርዙ የተበላ ትልቅ ሮስተር ይዘው ሲወርዱ፣ አቧራውን በነጠላቸው ጫፍ ሲጠርጉና ጣታቸውን በስሞቹ ላይ ቁልቁል ሲያወርዱ ነው። ስሜ ጋ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። ጎንበስ ብዬ ሳይ የሒሳብ ውጤቴ በቀይ ቀለም ተጽፎ አየሁ። ልጄ አብራኝ ነበረችና እሳቸው ምንም ሳይሉ አውራ ጣታቸውን ቀዩ ቁጥር ላይ አሳርፈው «እናትሽ ጎበዝ ነበረች» አሏት። ይህን ደግነት እስክሞት አልረሳውም።

በዚህ አላበቁም። የግል ማህደሬን አውጥተው ሲያገላብጡ፣ ወደ 11ኛ ክፍል ስዛወር የቀድሞው ትምህርት ቤት የሰጠኝን መሸኛ ከ9ኛና ከ10ኛ ክፍል ውጤቴ ጋር ተያይዞ አገኙት። ሦስት ወር የተንከራተትኩበት ወረቀት ማኅተሙ እንኳ ሳይደበዝዝ እዚያ ተቀምጦ ነበር! የስሙን ጉዳይም በደብዳቤው ላይ ቀድሞ እቴጌ መነን፣ ቀጥሎ የካቲት 12፣ አሁን ደግሞ እንደገና እቴጌ መነን ተብሎ የሚጠራው አንዱና ያው ትምህርት ቤት መሆኑን በሁለት መስመር አስረዱልኝ። ርእሰ መምህሩ በዚያው ከሰዓት ፈረሙበት፤ መሥሪያ ቤቴም ያለ አንድ ጥያቄ ተቀበለው። ለሻይ ብዬ ገንዘብ ላስጨብጣቸው ስል እጄን መልሰው ከነገንዘቡ አጠፉልኝ።

ስለዚህ የካቲት 12 የተማራችሁና ማስረጃችሁን ለማረጋገጥ የተቸገራችሁ ሁሉ፣ ሌላ ቦታ ስትንከራተቱ ከመክረማችሁ በፊት እሳቸው ዘንድ ሂዱ፤ ደግሜ እላለሁ፣ ሂዱ። የጨረሳችሁበትን ዓመተ ምሕረት፣ ክፍላችሁንና ፈረቃችሁን አስታውሳችሁ ብትሄዱ ሥራቸውን ታቀሉላቸዋላችሁ፤ የስም ጠሪያችሁን ስም ከያዛችሁማ ከዚያ የተሻለ የለም። እናቴም ይህን ከነገርኳት ወዲህ የራሷን መዝገብ ለማየት «መቼ ነው የምትወስጂኝ?» እያለች በየቀኑ ትጠይቀኛለች፤ ሒሳብ ላይ ቀይ እንዳልነበረባት ከአሁኑ እየማለች ነው።